በኤሌክትሪክ መጥመቂያ ድስት ዎርት ስለማዞር፦ ከጎንደር ጠማቂዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቢራ በቤታቸው መጥመቅ የጀመሩ የጎንደር ወዳጆቼ ድስቱን ገዝተው፣ ብቅሉን አዘጋጅተው፣ ፓምፑ ጋ ሲደርሱ ይደውሉልኛል። ፒያሳ ያለውም አዘዞ ያለውም የሚጠይቀኝ ያው ስለሆነ መልሱን አንድ ላይ ጽፌዋለሁ። እኔ የምጠምቀው በ30 ሊትር ድስትና በ2500 ዋት ማሞቂያ ነው። 5 ኪሎ ብቅል በ18 ሊትር ውሃ እደፈድፋለሁ፤ በኋላ ብቅሉን በተጨማሪ ሙቅ ውሃ ስለማጥበው መጨረሻ ላይ 20 ሊትር ያህል ቢራ ይወጣኛል። ከታች ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ለዚህ መጠን ናቸው። የእናንተ ድስት ከበለጠ ወይም ካነሰ በዚያው ልክ አስተካክሉት።

ዎርት ማዞር ምንድን ነው? ለምንስ ይጠቅማል?

ዎርት ከብቅል የወጣው፣ እርሾ ገና ያልገባበት ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። ብቅሉ በሙቅ ውሃ ተደፍድፎ በሚቆይበት ሰዓት ይህን ፈሳሽ ከድስቱ ሥር በፓምፕ እየሳብን ከላይ መልሰን እናፈሰዋለን። ከላይ የፈሰሰው በብቅሉ መሃል እየተንጠባጠበ ወርዶ እንደገና ሥር ይደርሳል። ማዞር የምንለው ይህንን ነው።

ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛው ሙቀት ማዳረስ ነው። ማሞቂያው ያለው ከሥር ስለሆነ ዎርቱ ካልተንቀሳቀሰ ሥሩ ሲግል መሃሉ ይቀዘቅዛል። በ62 እና በ65 ዲግሪ መሃል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቆራርጠው ኢንዛይም 75 ዲግሪ ካገኘው ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ሁለተኛው ማጥራት ነው። የገብሱ ገለፈት ወንፊቱ ላይ ተደራርቦ ሲቀመጥ ራሱ ማጥለያ ይሆናል፤ መጀመሪያ የወረደው ደፍራሽ ዎርት ደጋግሞ ሲያልፍበት ዱቄቱን እዚያው ጥሎ ይወርዳል።

ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፦ ዎርቱን የሚያጠራው ገለፈቱ ነው። ፓምፑ ከታች ወደ ላይ ከማመላለስ ሌላ ሥራ የለውም። ወደ እኔ ከሚመጡት ችግሮች አብዛኞቹ ሰው በፓምፑ ተማምኖ ገለፈቱን ከማጨናነቁ የሚመጡ ናቸው።

ለጠላ ማንም አያዞርም፤ ለቢራ ለምን ግድ ሆነ?

ጠላ ላይ ብቅሉም፣ ጌሾውም፣ እንኩሮውም እዚያው ጋኑ ውስጥ አብረው ይብላላሉ፤ የሚያጠራው ቀን ነው። ቢራ ላይ ዎርቱ መጀመሪያ ከብቅሉ ተለይቶ፣ ጠርቶ፣ ከዚያ ለቢራ የጌሾን ቦታ ከሚይዘው ከሆፕስ ጋር መፍላት አለበት። ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ስለሆነ ቀናት የሚሠሩትን በሰዓት ውስጥ የሚያደርግልን ነገር እንፈልጋለን።

ከጠላ የሚወሰድ ትምህርት ግን አለ። እናቴ ጋኑን ከከደነች በኋላ ማንም እንዲነካካው አትወድም፤ «ተዉት፣ ይርጋ» ትላለች። የቢራ ድፍድፍም እንዲሁ ነው። ብቅሉን ጨምራችሁ፣ የጓጎለው እስኪጠፋ በደንብ አማስላችሁ ስትጨርሱ ፓምፑን ወዲያው አታስነሱት። 10 ደቂቃ ይርጋ። ገለፈቱ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ሲቀመጥ በመሃሉ መተላለፊያ ይተዋል። ገና እየዋኘ ሳለ ፓምፑ ቁልቁል ከሳበው ግን ወንፊቱ ላይ እንደ ጭቃ ይለጠፋል።

ምን ምን ዕቃ ልግዛ?

ድስቱ ከሥሩ ወንፊት፣ ከወንፊቱ በታች ደግሞ መውጫ ቧንቧ ሊኖረው ይገባል። ብቅሉ በብረት ቅርጫት የሚገባባቸው ድስቶችም አሠራራቸው ያው ነው፤ የቅርጫቱ ሥር ወንፊት ነው።

ፓምፑ ላይ አትሰስቱ። የሚያስፈልጋችሁ በማግኔት የሚሽከረከር፣ ለምግብ የሚሆን፣ 100 ዲግሪ ሙቀት እችላለሁ ብሎ የተጻፈበት ትንሽ ፓምፕ ነው። ባለ 12 ወይም ባለ 24 ቮልት ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ውሃና ስኳር በሚፈስበት ቦታ አነስተኛ ቮልት ልብ ያሳርፋል። ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ወይም የመኪና መስተዋት ማጠቢያ ፓምፕ ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል። 67 ዲግሪ ዎርት ውስጥ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፤ ከፕላስቲኩ ምን እየወጣ ወደ ቢራው እንደሚገባም አታውቁትም። እሱን ተዉት።

ጎማው ሲሊኮን ይሁን፣ ውስጡ ግማሽ ኢንች። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ሙቀት ሲያገኘው ይሸታል፣ ይተጣጠፋል፣ ሽታውም ቢራው ውስጥ ይቀራል። ጎማውን በየጫፉ በብረት ማጥበቂያ እሰሩት፤ በእጅ ብቻ የተሰካ ጎማ ሲሞቅ ይሰፋና ይወልቃል። ትኩስ ዎርት ስኳር ስላለው ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ ከውሃ የባሰ ያቃጥላል። በጠመቃ ቀን ልጆች ከድስቱ አጠገብ አይሁኑ።

አንድ ቫልቭ ግድ ነው፣ ከፓምፑ በኋላ። ከተቻለ ከድስት የተለየ ቴርሞሜትርም ያዙ። የቀረው ሁሉ ቅንጦት ነው።

ፓምፑን የት ላስቀምጠው? ድምፅ ያሰማል እንጂ አይስብም።

ከድስቱ በታች አድርጉት። እነዚህ ፓምፖች አየር መሳብ አይችሉም፤ ፈሳሹ በራሱ ክብደት ወርዶ ሊሞላቸው ይገባል። ድስቱን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ ፓምፑን ደግሞ ከሥሩ አድርጋችሁ የሚያስገባውን ጎማ አጭርና ያለ ጉብታ ዘርጉት። ጎማው መሃል ላይ ከተቆለመመ አየር እዚያ ይደበቃል። የፓምፑ መውጫ አፍ ወደ ላይ ቢያይ አየሩ ራሱ ይወጣል።

አየር ከያዘ ፓምፑን አጥፉት፣ ቫልቩን ከፍታችሁ የመመለሻውን ጎማ ጫፍ ከድስቱ ዝቅ አድርጋችሁ በማሰሮ ላይ ያዙት። ዎርቱ ሳይቋረጥ መፍሰስ ሲጀምር ጎማውን መልሳችሁ ፓምፑን አስነሱት።

ፍጥነቱን የምትቀንሱት ምንጊዜም በመውጫው በኩል ባለው ቫልቭ ነው። በመግቢያው በኩል ከጠበበ ፓምፑ የሚጠጣው ያጣል፤ ትኩሱ ዎርት እዚያው ወደ እንፋሎት ይለወጥና ጠጠር የዋጠ ይመስል ይንኳኳል። ጎንደር ላይ ይህ ከቆላ ከተሞች ይልቅ ቶሎ ይመጣል። ምክንያቱ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ውስጥ አለ።

ውሃው እየፈላ ቴርሞሜትሬ 93 ይላል። ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። አዘዞ ዝቅ ስለሚል በትንሹ ይጨምራል፣ ጎሃ ኮረብታ ላይ ደግሞ ይቀንሳል።

ይህን ሳላውቅ የሠራሁት ስህተት ሁለት ሙሉ ጠመቃ አበላሽቶብኛል። ከድስቱ ጋር የመጣው ወረቀት «የፈላ ውሃ ውስጥ አስገብተህ 100 እስኪል አስተካክል» ይል ነበር። እንዳለው አደረግሁ፤ 7 ዲግሪ ጨመርኩበት። ከዚያ በኋላ ማሳያው 67 ሲለኝ ድፍድፉ በእውነት 60 ላይ ነበር። የገብስ ስታርች በደንብ የሚከፈተው ከ60 አልፎ ወደ 65 ሲጠጋ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ በነጭ ሰሃን ላይ ትንሽ ዎርት ጨልፌ አዮዲን ጠብ አደረግሁበት፤ ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። ስታርቹ እንዳለ አለ ማለት ነው። ፓምፑን ቀየርኩ፣ ብቅል የሸጠልኝን ሰው ወቀስኩ። ያ ሰው ምንም ጥፋት አልነበረበትም፤ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ቴርሞሜትር የምታስተካክሉት በበረዶ ነው። ብርጭቆ ሙሉ የተፈጨ በረዶ ላይ ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ጨምራችሁ አማስሉ፤ ይህ ጎንደርም ሆነ ምጽዋ 0 ዲግሪ ነው። ከዚያ የፈላ ውሃ ውስጥ ስታስገቡት 93 አካባቢ ካለ መሣሪያችሁ ጤነኛ ነው።

ሌላም መዘዝ አለው። ብዙዎቹ ድስቶች የማፍያ ሰዓቱን መቁጠር የሚጀምሩት የተሞላላቸው ሙቀት ላይ ሲደርሱ ነው። 100 ብላችሁ ከሞላችሁት እዚህ ከተማ ድስቱ እስከ ማታ ሲፈላ ቢውል ሰዓቱ አይነሳም። 92 አድርጉት፤ ወይም የከፍታ ማስተካከያ ካለው እሱን ሙሉት። የሆፕስ ምሬትም በዝቅተኛ ሙቀት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ እኔ በ60 ደቂቃ ፈንታ 75 ደቂቃ አፈላለሁ።

ብቅሉን ወፍጮ ቤት እንዴት ብዬ ላስፈጨው?

«ሸርክትልኝ» በሉ፤ «ፍጭልኝ» ካላችሁ ዱቄት ይሰጣችኋል። ለጠላ የለመደው ባለ ወፍጮ ብቅል ሲያይ እጁ ወደ ማላም ይሄዳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ጣሳ ብቻ አስሸርክታችሁ እዩት። እፍኝ አድርጋችሁ መዳፋችሁ ላይ ዘርጉት። ፍሬው ለሦስትና ለአራት ተሰብሮ፣ ገለፈቱ ግን ሳይቦጫጨቅ እንደ ትንሽ ጀልባ ክፍት ብሎ መታየት አለበት። እፍ ስትሉበት ገለፈቱ ይነሳል፣ ስባሪው ይቀራል፣ ከመዳፋችሁ ላይ የሚቦነው ዱቄት ጥቂት ነው። ሙሉ ፍሬ ከበዛ ትንሽ ይጠበቅ፣ ነጭ አቧራ ከበዛ ይላላ። የራሳችሁ ባለ ሁለት ሲሊንደር መሸርከቻ ካላችሁ ክፍተቱን ከ1.1 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር አድርጉት፤ ሳይዞር ለሚጠመቅ ከሚመከረው ትንሽ ሰፋ ይበል።

ከመሸርከቱ በፊት ብቅሉ ላይ ጥቂት ውሃ አርከፍክፋችሁ 10 ደቂቃ ብትተዉት ገለፈቱ ለስለስ ብሎ አይሰበርም። ለ5 ኪሎ አንድ ሲኒ ውሃ ይበቃል። ለውጡን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ከገበያ የሚገዛው ብቅል የምን እንደሆነ ጠይቁ። የስንዴ ብቅል ገለፈት የለውም፤ የዳጉሳና የበቆሎም ለማጥለል አይሆንም። ከሩቡ በላይ እንደዚህ ያለ ብቅል ካለበት የሩዝ ገለፈት ቀላቅሉበት። እኛ አካባቢ በዚህ ዕድለኞች ነን፤ ፎገራ ሩዝ አምራች ነው፣ ወረታ ላይ ሩዝ መፈልፈያዎች አሉ፣ ከፍሬው የሚለየው ገለፈት ደግሞ እዚያ እንደ ትርፍ ነገር ነው የሚታየው። አጥባችሁ፣ አንዴ በፈላ ውሃ አለቅልቃችሁ ሁለት ሦስት እፍኝ ጨምሩ። ጣዕም የለውም፤ ውሃ ማሳለፍ ብቻ ነው ሥራው።

ፍጥነቱ ምን ያህል ይሁን?

ከምታስቡት በታች። በደቂቃ ከ2 እስከ 3 ሊትር። መለኪያው ቀላል ነው፦ የመመለሻውን ጎማ ባለ አንድ ሊትር ማሰሮ ውስጥ አድርጋችሁ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። አንድ ሊትር በ20 እና በ30 ሰከንድ መሃል ከሞላ ልክ ነው። በ10 ሰከንድ ከሞላ ድፍድፉን እየጠቀጠቃችሁት ነው።

ሲጀመር ከዚህም ያነሰ ይሁን። ቫልቩን በጥቂቱ ከፍታችሁ ዎርቱ እንደ ቡና ከጀበና ሲቀዳ ቀጭን ሆኖ ይውረድ። የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ደፍራሽና ፍርፋሪ ያለበት ነው፤ አያስደንግጣችሁ። ከዚያ ቀስ እያለ ይጠራል፣ እናንተም በጥቂት በጥቂት ትጨምራላችሁ። በ15 ደቂቃ ውስጥ በጎማው ውስጥ ስታዩት እንደ ጠጅ የጠራ መሆን ይጀምራል። ያቺን ደቂቃ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ፤ አሁንም ታስደስተኛለች።

የመመለሻው ጎማ ጫፍ ከዎርቱ ወለል በታች ይሁን። ከላይ እየተንፏፏ ቢወርድ አየር ይቀላቀልበታል፤ ብቅሉም ላይ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ዎርቱም በዚያች ጉድጓድ ብቻ እየወረደ ሌላውን ሳይነካ ይቀራል። እኔ ከጎማው ጫፍ ሥር ከማይዝግ ብረት የተሠራ ትንሽ ሰሃን አስቀምጣለሁ፤ ዎርቱ ሰሃኑ ላይ አርፎ በዳር በዳሩ ይፈሳል።

ከላይ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ከታች ግን ደረቀ። ምን ላድርግ?

ማሞቂያውን አሁኑኑ አጥፉ። ፓምፑንም። ሌላው ሁሉ ይቆይ።

የሆነው ይህ ነው፦ ፓምፑ ከሥር የሚወስደው በብቅሉ በኩል ከሚወርደው በለጠ። ከወንፊቱ በታች ያለው ቦታ ባዶ ሆነ፣ ብቅሉ በላዩ ባለው ፈሳሽ ክብደት ተጫነ፣ ማሞቂያውም በደረቁ ቀረ። መሃሉ ላይ ትርፍ ዎርት የሚያወርድ ቧንቧ ያለው ቅርጫት ከሆነ ሥሩ አይደርቅም፤ ነገር ግን ዎርቱ በቧንቧው እየወረደ ብቅሉን ሳይነካ ይዞራል። በዚያ ቧንቧ ዘወትር የሚወርድ ካያችሁ ቫልቩ በዝቷል ማለት ነው።

ሁሉ ከቆመ በኋላ 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይላላል። ካልሆነ በረጅም ማማሰያ የላይኛውን ሁለት ሦስተኛ ብቻ በቀስታ ገልብጡት፤ ወንፊቱ ድረስ አትውረዱ። አንድ ሊትር የፈላ ውሃ መጨመርም ያቀጥነዋል። ከዚያ እንደ አዲስ 10 ደቂቃ ይርጋና በቀጭኑ ጀምሩ። በአንድ ጠመቃ ሁለት ጊዜ ከደጋገመ ጥፋቱ ወፍጮው ላይ ነው፤ ለዛሬ በእጅ እያዞራችሁ ጨርሱ፣ ለሚቀጥለው ሽርክቱን አስተካክሉ።

ዎርቱ ተቃጠለብኝ። ቢራው የአመድ ሽታ አለው።

ያ ሽታ ከገባ አይወጣም፤ ቁርጡን ልንገራችሁ። በሚቀጥለው እንዳይደገም ግን መንገዱ ግልጽ ነው።

አብዛኛው ሰው ማሞቂያውን ለድፍድፍ ሰዓትም በሙሉ ኃይሉ ይተወዋል። ሒሳቡን እንየው። 2500 ዋት በደቂቃ 150 ኪሎ ጁል ነው። በደቂቃ 2.5 ሊትር ዎርት እያዞራችሁ ይህን ሁሉ ሙቀት ብትሰጡት፣ በማሞቂያው ላይ የሚያልፈው ዎርት በአንድ ዙር 14 ዲግሪ ይጨምራል። 66 ላይ የነበረው 80 ሆኖ ይወጣል፤ ኢንዛይሙ አለቀ ማለት ነው። በ800 ዋት ግን ጭማሪው ከ5 ዲግሪ አይበልጥም። ስለዚህ ድፍድፉ ላይ ሙቀት ለማቆየት 500 ዋት፣ ስታርቹ ሁሉ ስኳር ከሆነ በኋላ መጨረሻ ላይ ከ66 ወደ 76 ለማሳደግ 800 ዋት ያህል። ከ66 ወደ 76 ለመድረስ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ይፍጅ። በደቂቃ 2.5 ሊትር ሲዞር 18 ሊትሩ አንዴ ለመዞር ራሱ 7 ደቂቃ ይወስዳል፣ ስለዚህ ሙቀቱ ከዎርቱ ቀድሞ ሊሄድ አይገባም። ድስታችሁ ኃይል መቀነሻ ከሌለው በየግማሽ ደቂቃው እያበሩ ማጥፋት ትችላላችሁ፤ አድካሚ ነው፣ ግን ይሠራል።

ሌላው ምክንያት ዱቄት ነው። በወንፊቱ ያለፈ ዱቄት ማሞቂያው ላይ ተኝቶ ያርራል። ለዚህ ነው ማሞቂያውን ዎርቱ መጥራት ከጀመረ በኋላ የማበራው። የድፍድፉን ውሃ መጀመሪያ 70 ዲግሪ አድርጌ ብቅሉን ስጨምርበት 66 አካባቢ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ለ20 ደቂቃ ያህል ማሞቂያ ሳልነካ ልቆይ እችላለሁ።

የድስቱ ማሳያ 66 ይላል፣ መሃሉ ላይ ስለካው 63። የትኛውን ልመን?

ሁለቱንም። የድስቱ መለኪያ ያለው ከሥር፣ ማሞቂያው አጠገብ ነው፤ የሚነግራችሁ እዚያ ያለውን ነው። ስኳር የሚሠራው ግን መሃል ያለው ብቅል ነው። ማዞር ከጀመራችሁ ከ15 ደቂቃ በኋላ ልዩነቱ ወደ 1 ወይም 2 ዲግሪ ይወርዳል። የቀረውን ልዩነት ድስቱ ላይ ጨምሩና ጨርሱት፤ ከ3 በላይ ሆኖ ከቀረ ዎርቱ በአንድ ጉድጓድ ብቻ እየወረደ ነውና ላዩን አማስሉ። ድስቱን በብርድ ልብስ መጠቅለልም ይረዳል፤ የጎንደር የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ድስት ያቀዘቅዛል።

የቤቴ መስመር ይችላል?

የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚችል መስመር ይህን ድስት ይችላል። ብዙ ምጣዶች ከ3000 ዋት በላይ ይወስዳሉ፤ 2500 ዋት ድስት በ220 ቮልት 11 አምፒር ከግማሽ አካባቢ ነው። ሁለቱ ግን በአንድ መስመር ላይ በአንድ ጊዜ አይሁኑ። እንጀራ የሚጋገርበትን ቀን ጠይቃችሁ ጠመቃውን በሌላ ቀን አድርጉት፤ ለቤት ሰላምም ይበጃል። ድስቱን ግድግዳው ላይ ባለ ሶኬት በቀጥታ ሰኩት። ሦስት አራት ነገር የተሰካበት ቀጭን ማራዘሚያ ላይ ካደረጋችሁት ስፒናው ይቀልጣል።

የመሬት ሽቦው በእርግጥ መገናኘቱን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስፈትሹ። የብረት ድስት፣ ውሃና ማሞቂያ አንድ ላይ ያሉበት ሥራ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚያጠፋ ብሬከር ብታስገቡ ያወጣችሁት ገንዘብ አይቆጫችሁም።

ቮልቴጅ ሲወርድ ደግሞ አትደንግጡ። የማሞቂያ ኃይል በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው የሚቀንሰው፤ 220 የነበረው 180 ሲሆን 2500 ዋቱ ወደ 1670 ይወርዳል። 18 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 70 ለማድረስ 25 ደቂቃ የሚበቃው ድስት 37 ደቂቃ ይፈጃል። ድስቱ አልተበላሸም።

መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ?

ድፍድፉ ላይ ከሆናችሁ ብዙ ጉዳት የለውም። ክደኑት፣ በብርድ ልብስና በጋቢ ጠቅልሉት። 20 ሊትር የሚሆን ድፍድፍ በደንብ ከተጠቀለለ ሙቀቱን የሚያጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ኢንዛይሙም መብራት አይጠብቅም። ለማጥራት ደግሞ በእጅ አዙሩ፦ ከመውጫው ቧንቧ በማሰሮ ቀስ አድርጋችሁ ቅዱና በጭልፋ ላይ አሳልፋችሁ ከላይ አፍሱት። ፓምፕ ሳይኖረኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የጠመቅሁት፤ የወጣው ቢራ ጥሩ ነበር።

ጥንቃቄ የሚያሻው መብራቱ ሲመለስ ነው። ድስቱ በራሱ ተነስቶ ማሞቂያውን በቆመ ዎርት ላይ ያበራዋል። መብራት እንደጠፋ ስፒናውን ንቀሉ። ሲመለስ መጀመሪያ ፓምፑን፣ ዎርቱ መዞሩን ካያችሁ በኋላ ማሞቂያውን።

በሚፈላበት ጊዜም ፓምፑ ይሥራ?

አይሥራ። ሲፈላ ዎርቱ ራሱን ያማስላል፤ ሆፕስ ፓምፑን ይደፍናል፤ ሊፈላ በደረሰ ዎርት ላይም ፓምፑ እንፋሎት ይዞ ይንኳኳል። ማቀዝቀዝ ከመጀመሬ በፊት ግን ማሞቂያውን አጥፍቼ፣ መንተክተኩ ሲያቆም ዎርቱን ለ5 ደቂቃ አዞራለሁ፤ ፓምፑንና ጎማውን በዚያው ትኩሳት ያጸዳልኛል። ለማቀዝቀዣ የሄደውን ውሃ አትድፉት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በባልዲ ተቀብላችሁ ለእጥበት አቆዩት።

የቧንቧ ውሃ ይሆናል?

ይሆናል፣ ክሎሪኑ ከወጣለት። ከቢራ ጋር ሲገናኝ የመድኃኒት ጣዕም ያመጣል። ከዋዜማው ቀድታችሁ ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት፤ ከቸኮላችሁ 15 ደቂቃ አፍሉት።

ሲያልቅ እንዴት ላጽዳው?

ዛሬውኑ። ዎርት ከደረቀ እንደ ሙጫ ነው። አተላውን አውጥታችሁ (ለጎረቤት ከብት ስጡት፣ ይወዱታል) ድስቱን አለቅልቁ፤ ከዚያ 10 ሊትር 60 ዲግሪ ውሃ ሽታ ከሌለው ማጠቢያ ጋር ለ20 ደቂቃ በፓምፑ አዙሩ፤ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ድገሙት። ማሞቂያው ላይ ቡናማ ነገር ከቀረ ሲትሪክ አሲድ በሙቅ ውሃ በጥብጣችሁ አዙሩበት፤ በብረት ሽቦ አትፈግፍጉት። በረኪና አትጠቀሙ፣ የማይዝግ የተባለውን ብረት ሳይቀር ይበላዋል፤ ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዝ ጋዝ ያወጣል።

በየሦስት በየአራት ጠመቃው የፓምፑን አፍ ፍቱት። አራት ቡሎን ነው። ከሚሽከረከረው ክንፍ ጀርባ የገለፈት ስባሪ ታገኛላችሁ፤ ትንሽ ብትመስልም ፍጥነቱን የምትቀንሰው እሷ ናት። ጎማውን ከሁለቱም ጫፍ ነቅላችሁ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ቁልቁል ስቀሉት፤ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በሳምንቱ ይሻግታል።